የጥርሴ ውስጥ ዛፍ

የባቄላ ቆሎ መንጋጋዬን ከፍሎ፣
ሰባት ሌሊት ሙሉ ትራሴንም አግሎ፣
ከደብረ ሲና ላይ በሚኒባስ ወጣሁ፣
ጉንጬን እንደ ዕቃ ጠቅልዬ አመጣሁ።
ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ጉሙ ሲያፍነን፣
ሾፌሩ ለመንገድ፣ እኔ ለጥርሴ ለመንን።

የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይፈትሻል፣
የማሕደር መብራት ደግሞ አፌን ይበረብራል።
«ሥሩ ሞቷል» አለች፣ «ግንዱ ግን ይተርፋል፤
ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ጉድጓዱ ይሞላል።»
«በምን?»
«በዛፍ።»

ሣቀች። ልጅ እግር ናት፣ ሐኪም አትመስልም።
በወረንጦ ጫፍ ላይ አሳየችኝ ስንጥር፣
ቀጭን እንደ ጧፍ ክር፣ መልኩ ሮዝ ቢጤ።
«ጉታ ፐርቻ ነው፤ ከማሌዥያ ጫካ፣
ዝናብ ቀን ሳይመርጥ ከሚወርድበት፣
ከአንድ ረጅም ዛፍ የሚወጣ ወተት።
ሲሞቅ ይታዘዛል፣ ሲበርድ ይጠነክራል።
ድሮ የቴሌግራም ሽቦ በባሕር ሆድ ሲያልፍ
ይኸው ነበር ልብሱ፣
ወሬ እንዳይረጥብ።»

እኔ የወፍ ዋሻ ደን ጠባቂ ነበርሁ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጽድ ስቆጥር ያረጀሁ፤
እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም አልልም፣
ግን አፌ ውስጥ ጥጥ ነው፣ ምላሴ አይታዘዝም።
ጥያቄዬን ይዤ፣ ጣራ ጣራ እያየሁ፣
መርፌው እስኪለቀኝ አንድ ሰዓት ቆየሁ።

ጥጡ ሲወጣልኝ፦
«ልጄ፣ ያ ወተቱ እንዴት ነው የሚታለበው?
ዛፉ ቆሞ ነው ወይ ወድቆ?»
ጓንቷን ስታወልቅ ቆም አለች።
«ድሮስ» አለች፣ «ገንድሰው ነበር፣ አባባ።
ከዚያ ሁሉ ግንድ ጥቂት ጣሳ ቢገኝ ነው።»

ላሟን አርዶ ማለብ!
ማን ነበር ጠባቂው? ፉጨቱስ የት ነበር?
ስንቱ ዛፍ ተዘርሮ ስንት ሽቦ ለበሰ?

ሲመሽ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ትዝ አለኝ
የእርገጤ መጥረቢያ።
አንዲት ጽድ ለምሰሶ በጨረቃ ሲቆርጥ
ደርሼ፣ ነጥቄው፣ አስቀጥቼዋለሁ።
«ቤቴ ዘመመ እኮ» ነበር ያለኝ ያኔ፤
«ሕግ ነው» አልሁት።
ሕጉስ ሕግ ነበረ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በወይራ ስፍቅ፣
እዚያች ጥርስ ጋ ስደርስ እጄ ቀስ ይላል፤
አንድ ዛፍ አለ እዚያ፣
ያልጠበቅሁት፣ ያላየሁት፣
እኔን ሊያስበላኝ የወደቀ።

የእርገጤ መጥረቢያ አልጋዬ ሥር ነው፤
እጀታው ወይራ ነው።
እስከ ዛሬ አልመለስሁለትም።