የሰሌዳዋ ቀዳዳ

ደብረ ማርቆስ ሜዳ፣ ከክንፏ ጥላ ሥር፣
በሶ እየጨበጥን፣ አንሙትና እኔ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ክርክር።

በሰሌዳዋ ላይ፣ ከከፍታው መለኪያ ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ፣
ክብ ቀዳዳ አለ፤ የድሮው ጠቋሚ ባለፈው ክረምት የወጣበት፣ ተነቅሎ።
መርፌው ሬዲዮ ፈልጎ ፈልጎ፣ የሚጠራው ጣቢያ ዝም ብሎት ስለቀረ፣
መጨረሻ ላይ ወደ ጉልበቴ እያመለከተ ኖረ።

«ቦታው እዚህ ነው» ይላል አንሙት፣ ጣቱን በቀዳዳው ሰዶ፤
«ከሷው ገመድ የሚጎርስ፣ አንቴናው ጀርባዋ ላይ ሰማይ ለሰማይ የሚያይ፣
በብሎን የታሰረ፣ ብትንጠው የማይወድቅ፣ ባትሪ አለቀብኝ የማይል፣
መርማሪ ሲመጣ ማኅተም ያለው፣ ስሙ በመዝገብ የሚውል።
ይሄ የእጁማ…» አለና እንደ ሳሙና አገላበጠው፣
«ይሄ የእግረኛ ነው፤ ለአውሮፕላን ማን ሰጠው?»

እኔ ደግሞ ሒሳብ ቆጠርሁ።
የሰሌዳው ዋጋ የሁለት ክረምት ርጭት፣
ቆርቆሮ ማስቆረጥ፣ ገመድ ማስዘርጋት፣ ሦስት ሳምንት መሬት ላይ መቅረት፤
ተምች ሦስት ሳምንት አይታገሥም፣
እስከዚያ የሞጣ ጤፍ ስሙም አይገኝም።
የእጁ ግን ዛሬ በእጄ ነው፤ መሪው ላይ በላስቲክ ጠፍሬው፣
ማታ ከራስጌዬ ሶኬት ላይ ሰክቼው፤
እሷ ብትወድቅ እንኳ፣ እንዲያው ለነገሩ፣
ይዤው ወርጄ በእግሬ እወጣለሁ ከዱሩ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ…» ብዬ ልተርት ስጀምር፣
«መዳብ ነው!» አለኝ፣ «መዳብ! ተረቱን ሳትጨርስ አትከራከር።
ጮቄ ላይ ደመና ሲዘጋህ፣ አንገትህን ሰብረህ እሱን ስታይ፣
እንኳን መንገድ ልታውቅ፣ መሬት ከሰማይ አትለይ!»

እውነቱን ነው።
አንድ ቀን ደጀን ላይ፣ የዓባይ ገደል ከታች አፉን ከፍቶ፣
ጠፋብኝ፤ መለወጫው ባትሪ ከመቀመጫው ሥር ተንከባሎ ገብቶ፤
በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ወለል ስዳብስ፣
ምን እንደ ተሳልሁ እኔ ነኝ የማውቀው፣ በደኅና እስክመለስ።
ይህን ለአንሙት አልነገርሁትም።

ሐሙስ ሞጣ ሄድሁ፤ በመኪና፣ አቧራዬን ጠጥቼ።
የድሮ ማረፊያ ነበራት ሲሉ ሰምቼ።
ከውጭ የሚገዛው የሰሌዳ መዝገብ ሞጣን አያውቃትም፤
ስሟን ብትጽፍለት፣ «አልተገኘም»።

አያ ደምለው፣ የሜዳው የዱሮ ዘበኛ፣ በትራቸውን ይዘው ቀደሙኝ፤
ከግጦሹ መሐል ኖራ የተቀባች ድንጋይ አሳዩኝ።
«ነጭ ነበረች፤ አሁን በሬ እየታከከባት…»
አልጨረሱትም፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት።
ከኪሴ አወጣሁት፤ ቆምሁ፤ ሳተላይቶቹን ጠበቅሁ፤
አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት። ቁልፉን ነካሁ።
ከዚያ ስምንት መቶ ርምጃ፤ መሐሉ ላይ አንድ ቦይ አለ፣ ይደፈናል፤
ማዶኛዋ ድንጋይ ጋ ደግሞ ቆመናል።
«ምን ብለህ ጻፍኸው?» አሉኝ።
ፊደሉ የፈረንጅ ነው፣ ቦታውም ለስድስት ሆሄ ብቻ፤
ስማቸው ልክ ገባ፣ አንድ ሳይተርፍ፣ አንድ ሳይጎድል፣ እስከ መጨረሻ።

ማርቆስ ስመለስ ነገርሁት። ሰማኝ።
«ያን ቁጥር ለሰሌዳውም መስጠት ይቻላል» አለ፣ እልኹ ሳይበርድ።
«ይቻላል። ግን ማን በእግሩ ሄዶ ያምጣለት? ሰሌዳ አይራመድ።»

በማግሥቱ ጧት ቀዳዳዋ በቁራጭ ቆርቆሮ ተከድናለች፤
በአራት ብሎን እንጂ፣ በሪቬት አልተመታች።
እጄን ከሰሌዳው ኋላ ሰድጄ ዳሰስሁ፤
አዲስ ቀይ ገመድ፣ ጫፉ በፕላስተር የተጠቀለለ፣
ከቆርቆሮዋ ጀርባ ተጠምጥሞ የሚጠብቅ አለ።

ምንም አላልሁትም።
ሁለት መለወጫ ባትሪ በሸሚዜ ኪስ ቆልፌ ሞተሯን አስነሣሁ፤
መሪው ላይ ያለችው ቀስት የአያ ደምለውን ስም ይዛ
ወደ ሰሜን ስትዞር አየሁ።