ምራቂ

ሥራዬ ሚዛን ነው፤ የሌላ ሰው ሚዛን።
የኪሎ ድንጋዬን አዝዬ ስባዝን፣
ሰኞ ሰበታ ነኝ፣ ማክሰኞ ሰንዳፋ፤
አሥር ግራም ፍለጋ ግማሽ ቀን ሲጠፋ
በየደረስኩበት አንድ ምሳ አለኝ፤
ቅጣቱን ረስቼ እሱ ነው የሚታወሰኝ።

ሰንዳፋ ከወረድክ ኢቲቱ ጠይቅ፤
በታጠነ ቅል ውስጥ ረግቶ የሚጠብቅ፣
ማንኪያ ቢተክሉበት ቆሞ የማይወድቅ።

ዱከም ላይ ቁርጥ አለ፣ ያን ሁሉም ያውቀዋል፤
ለእኔ ግን ዳጣው ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል።

ሆለታ መውጫ ላይ አንድ የወለጋ ሰው
አንጮቴ ቀቅሎ፣ ቅቤ እያለበሰው፣
«አጥንት ይጠግናል» ይላል ሲያቀርበው።
ምኔም አልተሰበረም፤ ግን ሁለቴ በላሁኝ፣
ምናልባት ወደፊት ስብራት ካለብኝ።

ይህ ሁሉ መንገድ ነው። ነገሩ ሱሉልታ።
እንጦጦን አልፈህ፣ ጉም ባጠላበት ቦታ፣
ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ አለ ቅቤ ተራ፤
ኮባ እንደ ጋቢ ለብሶ ቅቤው ሲኮራ።

ወይዘሮ ወርቂቱ፣ የቅቤ ነጋዴ፤
ድንጋዬን ሳወጣ ጮኸብኝ ሆዴ።
ሰማች። ምንም አላለችም።

ኪሎዬን ጫንኩበት፤ ቀስቱ ተንቀጥቅጦ
ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ላይ ቀረ ተቀምጦ።
«ጎድሏል!» ብዬ ብዕሬን ከኪሴ ሳወጣ፣
ቆም ብዬ ባሰላው ሌላ ነገር መጣ፤
የሚጎዳው ገዢው አይደለም፣ እሷው ናት፤
በየኪሎው ቅቤ ሃምሳ ግራም ሲወጣባት።

«እማማ፣ ሚዛንሽ ራስሽን ይሰርቃል፤
ስንት ዓመት ሆነው?»
«እሱን እግዜር ያውቃል።
ባለቤቴ በሞተ ማግስት ነው የወደቀች፤
ከዚያ ወዲህ እንዲህ ናት፤ እንዲሁ ቀረች።
እሱ እጁ ሰፊ ነበር። መርቅልን ሲሉት
በአውራ ጣቱ ቆርሶ ይጨምር ነበር ሳይጨቀጭቁት።
እኔ እጄ ጠባብ ነው፤ ስሰጥ ይጨንቀኛል፤
እሷ ትመርቅልኝ፤ እኔን ምን ገዶኛል?»

ብዕሬ ተንጠልጥሎ፣ ቅጹ ፊቴ ተዘርግቶ፤
«ጉድለት» የሚል አምድ አለው፣
«ምራቂ» የሚል ግን የለውም ከቶ።

ከዘምቢሉ ሥር ቆርቆሮ ጎተተች፤
ክዳኑን በቢላ ጫፍ ፈልቅቃ ከፈተች።
ጭኮ።
«ክልክል ነው» አልኳት፤ «ጉቦ ይሆንብኛል።»
«ሚዛኔን ውሰዳት፣ ጭኮውን ግን ብላ፤
የተራበ ዳኛ ፍርዱ ይበላሻላ!»

መጀመሪያ አሸዋ ነው፤ ምላስ ይጠራጠራል።
ቀጥሎ የተቆላው ገብስ ሽታው ይነቃል፤
ከዚያ ቅቤው ይፈታል፣ ኮረሪማው ይደርሳል፤
ብርዱም ከትከሻዬ ዕቃውን ሸክፎ ይነሳል።
ያሰብኩት አንድ ማንኪያ ነበር።
ቆርቆሮው ተጋመሰ።

ሚዛኗን ግን አሸግኩ። ሕግ ነው። ደረሰኝ ሰጠሁ።
እሷም አልለመነችኝ፤ እኔም አልቆየሁ።
መሥሪያ ቤት አለቃዬ፣ አቶ ጥጋቡ፣
ቅጹን ወደ መስኮት አንስቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለ፤
«አስተያየት» በሚለው ሣጥን ውስጥ የቅቤ ጣት አለ።

በወሩ ተመለስኩ። አዲስ ሚዛን ገዝታለች፤
ቁጥሯ በቀይ ይበራል፣ አንዲት ግራም አትስትም።
ኪሎ ቅቤ ገዛሁ። ልክ አንድ ሺህ። ቅንጣት አልጨመረም።
ልሄድ ዞር ስል «ቆይ» አለች።
አውራ ጣቷን ቅቤው ላይ ረጅም ጊዜ አቆየች፤
ቆረሰች፤ መልሳ አሳነሰች፤ ደግሞ ጨመረች፤
ጥርስ እንደሚነቀልላት ሰው ዓይኗን ጨፍና
ኮባዬ ላይ አኖረች።

እንግዲህ፣ መንገደኛ፣
ሱሉልታ ካለፍክ ጭኮ ብላ እንደ ዳኛ፣
ቁጭ ብለህ።
ከዚያ ቅቤ ግዛ። ኮባው ሲጠቀለል
«መርቂልኝ» በላት፤ ማለት አይከለከል።
ስትቆርስ ግን ፊቷን አትይ።