ሰባት ዙር

ትራም ከላይ ሲያልፍ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤
ብርኖ በረዷማ ነው፤ ምድር ቤቱ ይሞቃል።
ድራሆሚራ ወንበሯን ጎትታ፣
አምፖሏን ከወረቀቱ ሥዕል አስጠግታ፣
ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር ሽቦ ትመዛለች፣
ልባሱን ገፍፋ ጫፉን ታራቁታለች፤
ከቀጭኗ ምሰሶ፣ ከባለ አራት ጥጓ፣
ትጠመጥመዋለች ረጋ ብላ፣ እንደ ወጓ፤
ሰባት ትቆጥራለች፣ ሰባት ትቋጥራለች።
ሙጫ የለ፣ እሳት የለ፤
ሽቦው በምሰሶዋ ጥርስ ተነክሶ ዋለ።

ኦታካር ከማዶ፣ በስታኝ ጢስ መሀል፣
ካውያውን እየጠረገ ይስቃል፤
«እሳት ያልቀመሰ መጋጠም፣» ይላል፣
«እጮኝነት እንጂ ጋብቻ መቼ ይባላል?»
«ያንተ ጋብቻ፣» ትላለች፣ «ሲበላሽ ያቃጥላል፤
የኔ ግን ስሳሳት ወደ ኋላ ይፈታል።»

እኔ ተለማማጅ ነኝ፤ ሥራዬ መጠርጠር፤
በሁለት መርፌ ጫፍና ጫፍ ስነካ፣
ደወሉ ጢጥ ሲል በቀይ እርሳስ ማስመር፣
ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሽቦ በየተራ ስለካ።
ድር ሲያብር እዚህ አንበሳ አያስርም፤
የሚያስረው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አያገሳም።

አንድ ማታ አገኘሁ፦ ሥዕሉ አሥራ አራት ሲል፣
ሽቦዋ አሥራ አምስት ላይ ተጠምጥሟል።
ደስ አለኝ። እሷ ሄዳለች። ማንንም አልጠየቅኩ።
ፈትቼ እንደ ሥዕሉ ቋጠርኩ።

ጠዋት መሣሪያው ድዳ ሆነ።
መሐንዲሱ ዝቢኔክ ሥዕሉን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ደግሞ ዘረጋ።
ድራሆሚራ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ከነበረዶዋ ተጠጋች፣
ጣቷን በሽቦው ጫካ ውስጥ እንደ ዓይነ ስውር ላከች፤
«ይህቺን የነካት ማነው? ስድስት ዙር ናት» አለች።
ጆሮዬ ቀላ።

ፈታች፣ አዲስ ቆርጣ ጠመጠመች፣ ሰባት ቆጠረች፤
መብራቶቹ ተራ በተራ ዓይናቸውን ገለጡ።
«ሥዕሉስ?» አልኳት።
«ሥዕል እጅ የለው፤ የት እንደሚያመው በምን ያውቃል?
ለዝቢኔክ ነግሬው ነበር፤ እሺ አለ፤ አልጻፈም።»

በሚያዝያ ከፋብሪካ አረንጓዴ ሰሌዳዎች መጡ፤
መቶ ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ፤ አንዱም አልነቃ።
ምላጭ አነሳች። በየአንዳንዱ ላይ
አንድ የመዳብ መንገድ ቆርጣ
አንድ ሰማያዊ ሽቦ ዘረጋች።
የሚጠመጠሙበት ምሰሶ የለም፤
ጫፉን ኦታካር በየደው፣ ምንም ሳይናገር።

መቶኛው ላይ ሲደርሱ አየኋት፦
ባዶ አየር ላይ ጣቷ ሰባት ጊዜ ዞረ።