ቃለ ጉባኤ፣ ጠባሴ

አጀንዳ አንድ፣ ብርድ ልብስ። አጀንዳ ሁለት፣ ቁልፍ።
የጠባሴ ንፋስ በመስኮት ገብቶ ወረቀት ሲያረግፍ፣
«ለመጠለያ በር ይህ ሁሉ ብር?» አለ ነጋዴው አባል፣
«ጓጉንቸር ምን ያደርጋል፣ መወርወሪያም ይበቃል።»

እኔ ዝም።
የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንጎለላ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ፣
እታፈራሁን ወደ ባሏ የመለስኋት እኔ ነኝ፣ ከፊት ከፊት መርቼ፤
«ትዳር ነው፣ ቻይው» ብዬ፣ ያበጠ ዓይኗን አይቼ።

ዛሬ የቦርዱ ጸሐፊ ናት። ብዕር ይዛ ስትጽፍ
ትንሿ ጣቷ እምቢ ትላለች፣ እስከ ዛሬ፣ ለመታጠፍ።

«የሚደግፍ እጁን ያንሣ» አሉ ሊቀመንበሩ።
እጆች ተነሡ።
ልትቆጥር ቀና ስትል
ትከሻዋ ለአፍታ ሽምቅቅ ሲል
አየሁ።

«አምስት ለሁለት» ብላ ጻፈች፤ ጓጉንቸሩ ይገዛ።
የኔ እጅ ግን ሳትወርድ ቆየች፣
በብርዱ ይሁን በሌላ፣ ደንዝዛ።