የግራ እግር አስማተኛ

ዊኒፔግ በጥር ወር፣ ሳርጀንት ጎዳና፣
ትንፋሽ ካፍ ወጥቶ ይረግፋል እንደ መና።
ልብስ ማጠቢያው ቤት ግን ሞቆ ያጓራል፤
ደርዘን ማሽን ተሰልፎ ሆዱን ያዞራል።
ያፌት፣ የኔው ልጅ፣ ጆማርም የጎረቤት
ጦርነት ከፈቱ በማድረቂያው ሰገነት።

ወገን አንድ፦ ካልሲ፤ ሐምራዊ፣ የግራ እግር፣
ተረከዙ የሳሳ፣ የተመዘዘ ክር።
ስሙ ዛራሙን ነው፤ ሰባት ቋንቋ ያውቃል፣
በስምንተኛው ሲደግም ተራራ ይስቃል።
ወገን ሁለት፦ የፈሳሽ ሳሙና ክዳን፣
ማዕበል ሰባት፣ የማያውቅ የሰላም ኪዳን፤
ዓይኑ ራዳር ነው፣ ደረቱ ምድጃ፣
ልብ አልተሰጠውም፤ ሞልተውታል መረጃ።

«ጀግናው የቱ ነው? ክፉውስ?» ብላቸው
«ቆይ እስኪ፣ ይዋጉ» አሉኝ ሁለታቸው።
እውነታቸውን ነው። በትልልቆቹም ዘንድ
ስም የሚወጣለት ጦሩ ሲበርድ።

«በጨረር አነደድኩህ!»
«ጨረርህን ቢራቢሮ አደረግኩት!»
«ቢራቢሮዎቹን በመረብ ያዝኳቸው!»
«መረቡ የኔ ጢም ነው፣ ሳብኩትና ጣልኩህ!»
«ተነሳሁ! መለዋወጫ አለኝ!»

«ድግምት» አለ ጆማር አገጩን አንስቶ፣
«ቻርጅ አይደረግም ግድግዳ ተጠግቶ።»
«ምላስ ግን ይፈልጋል» ያፌት መለሰለት፣
«አፍህን በሙጫ ባሽገውስ? ምን ቀረለት?»
«በልቤ እደግማለሁ።»
«ልብ አይሰማም።»
«ይሰማል።»
«ማን ሰምቶት ያውቃል?»
ጆማር ዝም አለ። ማድረቂያው ብቻ ያወራል።

«እማ፣ አንቺ ፍረጂ።»

እኔ ምን ልፍረድ? የሌሊት ሥራዬ አውሮፕላን ማጠብ ነው።
ክንፍ ላይ የጋገረውን በረዶ
በአረንጓዴ ፈሳሽ አረግፋለሁ፤
መለኪያው «ንጹሕ» ካለኝም በኋላ
በጓንቴ ሦስት ጊዜ
ክንፉን መታ መታ አደርጋለሁ።
ማንም አላስተማረኝም። መመሪያው ላይም የለም።

ይህን ሳመነታ ያፌት አድብቶ፣ ድንገት
ዛራሙንን ወረወረው ወደ ማሽኑ አንጀት።
ብረቱ ሳንቲሙን ጎረሰ፣ በሩ ተዘጋ፤
በክቡ መስታወት ሐምራዊው ታየ፣ ካንሶላ ሲዋጋ።
የጆማር ከንፈር ይንቀሳቀሳል።
ድምፅ የለውም።

አርባ ደቂቃ።
ጩኸቱ ሲያበቃ ከፈትን፤ አንሶላው አለ፣
የሥራ ሸሚዜ አለ፣ የትራስ ልብስ አለ፣
ካልሲው የለም።
እስከ ትከሻቸው ገብተው በስልክ መብራት ፈተሹ።
የለም።

«ተበላ» አለ ያፌት።
ጆማር በእንግሊዝኛ ያወጣት ቃል
ጆሮዬ ደርሳ ባማርኛ ስትፈታ
«ተሰወረ» ነበረች፤ እንደ ጻድቅ ሰው፣
መቃብር ሳይኖረው፣ በዝምታ።
ቤት እስክንደርስ አልተነጋገሩም፤
የሚንኮሻኮሸው በረዶው ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሌሊት፣ አየር ማረፊያው ሜዳ ላይ፣
ከካፖርቴ በታች የሸሚዜን እጅጌ ስጎትት
ጠጥ! ሰማያዊ ብልጭታ።
ብብቴ ሥር ተለጥፎ
ዛራሙን።

አውቀዋለሁ፤ ሰበቃ ነው። ደረቅ አየር፣ ናይለን፣ ኤሌክትሪክ።
አውቀዋለሁ።
የክንዴ ፀጉር ግን ቆሞ አልተኛም።

ብነግራቸው ሁለቱም ይሸነፋሉ፤
አንዱ አልበላ፣ አንዱ አልተሰወረ።
አልነገርኩም።

ካልሲውን ከጓንቴ ሥር አጠለቅኩት፣ በግራ እጄ።
ተረከዙ አሁን ተቀዷል፤ ብርዱ በዚያ ይገባል።
ሦስቴ መታሁ ክንፉን።
አብራሪው በሬዲዮ «ምን ተገኘ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።
«ንጹሕ ነው። ሂድ።»