ሲጠብቅና ሲላላ

መሐል ሜዳ፣ አንደኛ «ለ»፣ የቅዳሜ ጧት ስብሰባ፣
የጓሳ ብርድ በተሰበረው መስኮት ሳይጠራ ሲገባ፣
ወላጅ በልጁ ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ተኮራምቶ፣
አጀንዳው ሰሌዳው ላይ በነጭ ጠመኔ ጎልቶ፦
«ልጆቻችን ለምን አያነቡም?»
ጥያቄው ስሜን አልጠራም፤ ዐይኖቹ ግን ከኔ አይነሡም።

የኔታ ኃብተየስ ቀድመው ቆሙ ከነጋቢያቸው፣
የስንደዶዋ መጠቆሚያ እንደ ሥልጣን በእጃቸው፦
«እኛ ፊደል ስናስቆጥር፣ ልጅ በጣቱ እየነካ፣
አንዷን ካንዷ ሳያምታታ፣ በዐይኑ እየለካ፣
ደግሞ በቃሉ እንዳይዛት በአቡጊዳ በትነን፣
ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ አስከትለን።
ዛሬ በግ ይሣልና ከሥሩ ‹በግ› ይባላል፤
ልጁ በጉን አይቶ ይጮኻል፤ ፊደሉን ማን ያየዋል?
ለመሆኑ የመንዝን ልጅ በግ ማስተማር ምን ይባላል?»

ተሣቀ። ከደብረ ብርሃን የመጣው ሱፐርቫይዘርም ፈገግ አለ፤
የሩጫ ሰዓቱን አውጥቶ፣ ተጭኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ጣለ፦
«በደቂቃ ስንት ቃል? ጥናቱ የሚለው ይሄንን ነው፤
በዜማ የሚወርድ ልጅ፣ ዜማው ሲቆም ባዶ ነው።
‹ሤ›ን ለብቻዋ ነጥለው፣ ‹ይህቺ ማናት?› ቢሉት፣
ከ‹ሀ› ተነሥቶ ይሮጣል፣ እግሮቹ እሷ ዘንድ እስኪያደርሱት።»

እውነቱን ነው። እንዲህ የሚሮጡ ስንቱን አስተምሬአለሁ።
የኔታም እውነታቸውን ነው። በጉንም እኔው አሳይቻለሁ።
አሥራ አራት ዓመት ቆሜ፣ መጽሐፉ ሦስቴ ተቀየረ፤
ሦስቴ ሥልጠና ሄድኩ፤ ሦስቴም አበል ነበረ፤
ሦስቴም የበፊቱ ስሕተት መሆኑ ተነገረ።

ጥላዬ ልብስ ሰፊው ከኋላ እጁን እንደ ተማሪ አነሣ፤
ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ሲቸኩል ማውረዱን ረሳ።
«እኔ አላነብም» አለ። «ታፔላዬን ያጻፍኩት በሰው ነው፤
‹ልብስ ሰፊ› ይላል ብለውኛል። ዘንድሮ ክረምት ‹ልብስ›ን አጠበው።
ማክሰኞ ምንታምር፣ ልጄ፣ በሩ ላይ ቆማ አንጋጣ፣
የተረፉትን ሁለት ፊደል በጣቷ ይዛ፣ አምጣ፣
‹ሰ... ፊ...› አለች። ደገመችው። ፊዋን ረግጣ፣ አጥብቃ፤
ወደ ውስጥ ገብታ ግራ ቀኝ አየች፣ በሣቅ ታንቃ፦
‹አባዬ፣ ውሸት ነው! ሰፊ ይላል፣ ቁም ሣጥን ያህላል!›
ልክ ናት፤ እኔና ሲንጀሬ ከገባን ደንበኛ ደጅ ይለካል።

ዝም አልኳት። እግሬ ሲረግጥ፣ መርፌው ሲወርድ አየችና፣
ፊዋን ለቀቅ፣ ላላ አድርጋ፣ ሞከረቻት እንደገና፦
‹ለካ አንተን ነው!›
እና እኔ ልጠይቅ የመጣሁት፦ ይሄን ያስተማራት የቱ ነው?»

ቤቱ ጸጥ። መስኮቱ ላይ የተወተፈው ፌስታል ተንኮሻኮሸ።
የኔታ ስንደዶዋን በጉልበታቸው አጋደሙ፤ እጃቸው አገጫቸውን ዳሰሰ፦
«ይሄማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፤ ገበታ ላይ አልተጻፈም።»
ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን አነሣ፤ ግን ምንም አልጻፈም።
ሰዓቱ ብቻ ይሮጣል። ማንም ማቆሙን አላሰበ።
ስንት ደቂቃ ሄደ? አንድ ቃል ተነበበ።

ሁለት ፊደል፣ አንድ ቃል፤ ሲጠብቅ ቤት ያሰፋል፣
ሲላላ ጨርቅ ይሰፋል።
ጣት ያገኛታል ቅርጿን፤ ድምፅ ይከፍታል በሯን፤
ገብቶ ግራ ቀኝ ማየት ግን፣ መሣቅ፣ መጠርጠር፣ የአባትን እግር...
ይሄን በየትኛው ክፍለ ጊዜ ልጻፈው፣ በየትኛው ዕቅድ?
ቃለ ጉባኤው «ውይይቱ ይቀጥላል» ይላል። ተፈራርመን ወጣን፣ ወደ ብርድ።

ሰኞ ጠመኔ አነሣሁ። ሰሌዳው ላይ «ገና» ጻፍኩና፣
ዝም ብዬ ቆምኩ።
አንዱ በጣቱ አየር ላይ ጻፋት። አንዱ ሥዕል ፈልጎ አጣ።
ከመስኮቱ በኩል፣ ከፌስታሉ ሥር፣ ቀጭን ድምፅ መጣ፦
«ቲቸር፣ የቱ ነው? በዓሉ ነው፣ ወይስ ገና?»