የመስታወት ምስክር

እኔ ስንጥቅ ለኪ ነኝ፤ ሥራዬ ይኸው ነው፣
ግድግዳ ሲያዘነብል፣ ሳይወድቅ የማየው።
ቀጭን መስታወት ቆርጬ፣ በስንጥቁ ላይ አጋድሜ፣
በጄሶ እለጥፋለሁ፣ ቀኑን ጽፌ በቀለሜ።
መስታወቱ ከተሰበረ፣ ግድግዳው ይሄዳል፤
ካልተሰበረ ደግሞ፣ ቤቱ ይሰነብታል።
ሌላ ጥበብ የለኝም።

ትብሊሲ፣ ከኮረብታው ሥር፣ ድንጋይ በተነጠፈበት፣
የእንጨት ሰገነት አርጅቶ፣ በብረት ምርኩዝ በቆመበት፣
አንድ ቧንቧ ላሥራ ሁለት አባወራ፣
አንዲት የወይን ሐረግ፣ ለሁሉም የምታፈራ፤
እዚያ ግቢ ገባሁ በመስከረም ማለዳ፣
መሰላል ተሸክሜ፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።

ናዚብሮላ ወጣች፣ እጇ በወይን ጭማቂ ቀልቶ፤
«ይሄ ስንጥቅ» አለችኝ፣ «ካንቺ ይበልጣል በዕድሜ፤ ተይው ተኝቶ።
አፈሩ ሰጠመ ይላሉ መሐንዲሶች፤ ውሸት ነው፤
ባሌ ቫርላም ተቆጥቶ በሩን ሲወረውረው፣
የዚያን ሌሊት ተተረተረ።
ሳንታረቅ ሞተብኝ፤ ስንጥቁ ግን ቀርቷል፤
ነፋስ በገባ ቁጥር፣ እንደሱ ያጉረመርማል።»

መስታወቴን ለጠፍሁ። ቀኑን ጻፍሁ። ወረድሁ።
በየሳምንቱ ስመለስ፣ ተወልውሎ አገኘሁ፤
እንደ ሥዕለ አድኅኖ፣ በጨርቅ፣ በትንፋሿ ሙቀት፣
ጠዋት ጠዋት ትጠርገዋለች፣ የቧንቧው ወረፋ ሳይያዝ በፊት።

ሹሻኒክ ከታች ፎቅ፣ ቁልፍ የምታስተካክል፣
የቧንቧውን ተራ በጠመኔ የምታከፋፍል፣
«የኔስ ስንጥቅ?» አለች፤ «ለሷ ብቻ ነው ወይ መስታወት?»
ለሷም ለጠፍሁላት፣ ሳያስፈልግ፣ ለይሉኝታ፣ ለጉርብትና ስሌት።

ከዚያ ገንዘብ መጣ፤
ከማዘጋጃ ቤት፣ ከባንክ፣ ከባሕር ማዶ ተጠራቅሞ፤
ሰገነቱ ጣውላ በጣውላ ወረደ፣ ሊመለስ ታክሞ።
ጠራቢዎች መጡ፣ የአያቶችን ጥልፍ ከእንጨት የሚያነቡ፣
ለሳኞች መጡ፣ ኖራን እንደ ቅቤ የሚያሹ፣ የሚያለዝቡ።
ሥራው፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር፤
ሰባት ንብርብር ቀለም ስንፍቅ፣ ሰባት ዘመን ስንሽር፣
ከሥር ሰማያዊ አገኘን፤ ከሠራተኛው ማንም ያላየው፤
ናዚብሮላ ግን ለየችው፦ «ልጅ ሳለሁ ጣቴን ያቆሸሸው፣ ይህ ነው።»

ሁለት ክረምት አለፈ። መስታወቱ አልተሰበረም።
መዝገቤ ላይ ጻፍሁ፦ «ግድግዳው ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም።»
በዚያው ወር ሰዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ጉራም ሸጦ ሄደ፤ ሹሻኒክ አከራየች፤
ወጪው ሲከብድባት፣ ናዚብሮላም ፈረመች።
ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም በር አልሰበረ፤
ዋጋው ብቻ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ሰፈሩ እያማረ፣ እያማረ።
ቤተሰብ በሚሉት ቃል ስንጥቅ እንዳለበት፣
ያን ቀን ነው ያስተዋልሁ፣ ሶፋው ሲወርድ በመስኮት፤
ቤቱ ታድሶ ቀረ፣ ሰቡ ሄደ ርቆ፤
እኔም ዝም ብዬ ቆምሁ፣ ጄሶው እጄ ላይ ደርቆ።

አሁን በግቢው ውስጥ ነጫጭ ወንበሮች አሉ፤
እንግዶች ሰማያዊውን ግድግዳ ፎቶ ያነሳሉ።
ቧንቧው አለ፣ ለጌጥ፤ ውሃ አይሰጥም።
ወይኑ ግን ዘንድሮም አፈራ፤ ማን እንደሚለቅመው አልጠየቀም።

በጥቅምት ስልኬ ጮኸ፤ ናዚብሮላ ናት፣ ከከተማው ጫፍ፣
ከዘጠነኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ ከሚንቋቋበት ደጃፍ፤
«ሙቅ ውሃ አለ» አለችኝ፤ «አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል፤
ደረጃ የለ፣ ወረፋ የለ፤ ጉልበቴ አርፎልኛል።
ግን ከመስኮቱ በላይ አንድ ነገር አየሁ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፤
ትናንትና አልነበረም፤ ዛሬ በእጄ ለካሁት፣ ስንዝር ሆነ።

መስታወትሽን ይዘሽ ነይ። ጄሶ ግን ብዙ አታምጪ።
እንዳትደፍኚው፣ አደራ። ማታ ማታ ጆሮዬን አስጠጋለሁ፤ ይሰማኛል፤
ድምፁ ገና ቀጭን ነው፤ ግን ማጉረምረም ጀምሯል።»